ባለማሳው እስኪጀምር

ማክሰኞ ጠዋት፣ የመጨረሻው መኪና በወጣ ማግስት

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ አለን፤ ዘንድሮ ደግሞ ደስ ብሎን ነው ያለነው። ይህን ቃል እንደዋዛ እንደማልጽፈው ታውቂያለሽ። ለቀማው አልቋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው መኪና ሳጥኖቹን ጭኖ ወደ ቲማቲም ድልህ ፋብሪካው ሲሄድ፣ አባትሽ በር ላይ ቆሞ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ተከተለው በዓይኑ። ከዚያ ገባና እጁን ታጥቦ «ምሳ አለ?» አለኝ። ምሳውን ከበላ ቆይቷል፤ ሳህኑን ያጠብኩት ራሴ ነኝ። ደግሜ አቀረብኩለት፣ ደግሞ በላ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ብዙ ነገር አለ። ስልኩን ስናነሳ አባትሽ አጠገቤ ይሆናል፤ እሱ እየሰማ ስለ እሱ ማውራት ደግሞ አይሆንልኝም። ዛሬ ጥቅል የምልክልሽ ስለሆነ አብሬ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አምና የሆነውን በጨረፍታ ነግሬሻለሁ። ከቲማቲሙ ግማሹ እንደበሰለ ተክሉ ላይ ቀረ። የሚለቅም ሰው ጠፋ። ወጣቱ ከተማ ገብቷል፤ የቀረውም ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚዋልበትን ሥራ አይፈልግም። አልፈርድባቸውም። አንቺም ከዚህ ቤት ስትወጪ «ሁለተኛ ለቲማቲም አልጎነበስም» ብለሽ ነበር፤ እኔም «በይ ወገብሽን ይዘሽ ሂጂ» ብዬ እየሳቅሁ ነው የሸኘሁሽ። ያልነገርኩሽ ሽታውን ነው። የበሰበሰው ቲማቲም ሽታ መስኮት ዘግተን እንኳ እስከ መኝታ ቤታችን ይገባ ነበር። መጋዘን ለመሥራት መሬት የሚገዙት ሰዎች ሽታውን ተከትለው የመጡ ይመስል በዚያው ሰሞን በራችንን አንኳኩ። አባትሽም «የመጪው ዓመት አዝመራም እንዲህ ከቀረ እፈርማለሁ» አላቸው። የሽያጭ ወረቀቱን ትተውለት ሄዱ፤ እሱም ቡፌው ላይ አኖረው። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የበላሁትን ምግብ ሁሉ ያንን ወረቀት እያየሁ ነው የበላሁት።

የገበሬዎች ማኅበሩ ከሌላ አገር ለቃሚ ማስመጣት እንደሚቻል ሲነግረን አባትሽ ጆሮውን ደፈነ። «የማላውቀው ሰው ማሳዬን አይረግጣትም» አለ። ሬዲዮን አትረሺውም መቼም፤ ባለ ሱቁን፣ ጠዋት ከተከፈተ ማታ የማይዘጋውን። እሱ ደግሞ በላዩ ላይ ቤንዚን ያርከፈክፋል። «ዛሬ ቲማቲሙን፣ ነገ ቤትህን ነው የሚለቅሙልህ!» ይላል፤ አባትሽ «ልክ ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ስኳር ልግዛ ብዬ በሄድኩ ቁጥር ይህንኑ ሰምቼ እመለሳለሁ።

ታዲያ ግማሹ ማሳ በስሜ ነው። ያስጻፈልኝም ራሱ አባትሽ ነው፣ ገና ተጋብተን ፍቅር በፍቅር በነበርንበት ጊዜ። ማኅበሩ ዘንድ ሄጄ ለቃሚ እንዲመጣልኝ ተመዘገብኩ። ማታ ነገርኩት።

«በግማሽሽ አስለቅሚ!» አለኝ።

«የትኛው ግማሽ እንደሆነ ነገ ጠዋት መጥተህ አሳየኝ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ሰዎቹ በአውቶቡስ መጡ፤ ወንድም ሴትም፣ አብዛኞቹ በአንቺ ዕድሜ። አንቺ ፊደል የቆጠርሽበት አሮጌው ትምህርት ቤት ተማሪ አጥቶ ከተዘጋ ቆይቷልና እዚያ አሳደርናቸው። ከመካከላቸው ቋንቋችንን የምትሞክር አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ብቻ ነበረች። ሌሎቹን በዓይኗ ብቻ ስለምታዝዝ ኋላ ላይ አባትሽ «ሻምበል» አላት፤ በዚያው ቀረ። በመጀመሪያው ቀን ግን ሻምበል መንገድ ላይ የታመመች ጓደኛዋን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት እኔ የእነሱን አልሰማ፣ እነሱ የእኔን አይሰሙ።

በየመስመሩ ራስ ላይ አንድ አንድ ሰው ሆነው ተሰለፉ። ሳጥናቸውን እግራቸው ሥር አስቀመጡ። ከዚያ ቆሙ።

ቆሙ ስልሽ፣ ቆሙ። በእጄ «ግቡ፣ ጀምሩ» አልኳቸው፤ ፈገግ አሉ እንጂ አልገቡም። ሳጥን አንሷቸው ይሆናል ብዬ ጨመርኩ። ርቧቸው ይሆናል ብዬ ዳቦና ሻይ ይዤ መጣሁ፤ በሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ፣ ተመልሰው ቆሙ። ፀሐዩ እየበረታ ሄደ። የፋብሪካው ሾፌር ከመኪናው ወርዶ ጎማውን መምታት ጀመረ። አጥሩ ላይ ደግሞ የመንደሩ ሰው ተሰብስቧል፤ ፊት ለፊት ማን እንደቆመ መገመት አያቅትሽም።

«እትዬ፣ ለቃሚ ነው ያስመጡት ወይስ ዘበኛ?» አለ ሬዲዮ።

ሰው ሳቀ።

«ተዉአቸው እንጂ፣ ቲማቲሙ ራሱ እስኪወርድ እየጠበቁ ነው! ዘዴኞች ናቸው!»

እኔ ሳጥን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። ሰዎቹ አስቀይመውኝ አይደለም። ዞር ስል የቤታችን መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁ። አባትሽ ከጠዋት ጀምሮ ከመስኮቱ አልተነሣም ነበር፤ ቡፌውም እዚያው መስኮቱ አጠገብ ነው።

በሩ ተከፈተ። በነጠላ ጫማ ነው የወጣው። ፊቱ ቲማቲሙን መስሏል። ሊያባርራቸው ነው ብዬ መንገዱ ላይ ቆምኩ፤ በጎኔ አለፈኝ። መጀመሪያው መስመር ላይ ደርሶ፣

«ምን ቆማችሁ ታዩታላችሁ? አይታችሁ አታውቁም? እንዲህ ነው! እንዲህ!» ብሎ ጎንበስ አለና አንዲቱን የበሰለች በአውራ ጣቱ ገፋ፣ በመዳፉ ጠምዘዝ አድርጎ፣ ዘንጓን ተክሉ ላይ ትቶ ለቀማት። ሁሉም እንዲያዩለት ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋት።

ልጄ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጎነበሱ።

አንድም ሰው አልቀረም። ከዳር እስከ ዳር ቲማቲም ሳጥን ውስጥ ሲያርፍ ይሰማል። ያን የመሰለ አለቃቀም ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው፤ እጃቸው ቅጠሉን አይጎዳ፣ ጥሬውን አይነካ። ሬዲዮ አፉ ተከፍቶ ድምፅ ሲያጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አባትሽ ቲማቲሟን እንደያዘ መሃል ላይ ቆሞ ቀረ። ሳጥን አልያዘም፤ መሬት ላይ አይጥላት ነገር። ግራ ሲገባው በላት።

ሻምበል ለምሳ ደረሰች። የሆነውን ስነግራት ጓደኞቿን ጠየቀች፤ ከዚያ እየሣቀች አስረዳችን። በእነሱ አገር የሰውን አዝመራ መጀመሪያ መንካት ከስርቆት አይለይም። ባለማሳው ወይም ከቤቱ አንድ ሰው ገብቶ አንድ ይለቅማል፤ ያኔ ማሳው ተከፈተ፣ ለቃሚው ግባ ተባለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጣቶቼን ካመመኝ ወዲህ ለቀማ ስለተውኩ፣ ሳጥን ስሸከምና በእጄ ሳመለክት ዋልኩ እንጂ አንዲት እንኳ አልነካሁም። «ልጆቹ፣ ባለቤቱ ተቆጥቷል፣ አልፈቀደም ብለው ነበር» አለች። ወደ አባትሽ ዞር ብላ ደግሞ፣ «አባባ ጥሩ ሰው። ቸኩሎ መጣ። በነጠላ ጫማ!» አባትሽ እግሩን ከወንበሩ ሥር ደበቀ።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ፣ «ባልወጣ ኖሮ አይነኩም ነበር?» አለኝ።

«አይነኩም ነበር።»

«እስከ ማታ?»

«እስከ ማታ።»

«ሊወስዱብኝ ነው የሚመጡት እያልኩ...» አለና ተወው። እኔም አልጨረስኩለትም።

በማግስቱ ቁርስ ሳይበላ ጫማውን አሥሮ ወጣ፤ መጀመሪያዋን ለቀመ። ሦስተኛም ቀን እንዲሁ። ሻምበል «አባባ፣ አንድ ቀን ይበቃል እኮ» ብትለው፣ «ለእናንተ ይበቃ ይሆናል» አላት። ስንት ጊዜ ወገቤ እያለ ከወንበር አልነሣ ያለ ሰው እኮ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሳምንቱ ግን ሬዲዮና ጥቂት ሰዎች ለመንደሩ ምክር ቤት አቤት አሉ፤ ሰዎቹ ትምህርት ቤቱን ለቀው ይውጡ ነው። ከዚያ ከወጡ ሌላ ማደሪያ የለም፤ ማደሪያ ከሌለ የሥራ ፈቃዳቸው ይሰረዛል። የተለቀመው ገና ትንሹ ነው፤ ዝናቡም ተቃርቧል። ስብሰባው በተጠራበት ቀን አባትሽ ቡፌው ላይ ያለውን ወረቀት አንሥቶ አቧራውን በእጁ ጠረገና መልሶ አኖረው።

ሰብሳቢዋ አዋላጇ ናት፤ አንቺን ወደዚህ ዓለም የተቀበለችሽ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሬዲዮ ተነሣ። አንቺም እንድትሰሚው የተናገረውን በትክክል ልጻፈው፤ ከንቱ ነገር አልተናገረምና።

«እኔ ሰዎቹን አልጠላም» አለ። «ዳቦ ይገዙኛል፣ ሳሙና ይገዙኛል። ግን ሁለት ጎረምሶች ቤቴ ተቀምጠው ጣሪያ ይቆጥራሉ። ሰው በርካሽ ከሰው አገር ከመጣ የእኔን ልጅ ማን ይጠራዋል? ዘንድሮ ለቀማ፣ ከርሞ ሹፍርና፣ ከዚያ ሱቅ። እኔ የምለው ስለ ልጆቼ ነው።»

ብዙ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ አባትሽ ተነሣ። ሁሉም ሬዲዮን ሊደግፍ የተነሣ መሰለው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ሱቅ ደጃፍ ሲናገር የከረመው ይህንኑ ነዋ።

«ልክ ነው» አለ። «በርካሽ ካሠራናቸው ልክ ነው። ታዲያ በርካሽ አናሠራቸው። ለልጅህ የምከፍለውን ለእነሱ፣ ለእነሱ የምከፍለውን ለልጅህ። ምክር ቤቱ ይህን ይጻፍብን። አንተም ልጆችህን ነገ ላክልኝ።»

«ነገ?» አለ ሬዲዮ ደንግጦ።

«ቲማቲም ቀጠሮ አያውቅም።»

«ትንሹን እኮ ወገቡን...»

«የማይጎነበስ ወገብ ምን ሊያመው ይችላል?» አለ አንዱ ከጥግ፤ አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። አዋላጇ ጠረጴዛውን መታች።

ሣቁ ሲበርድ ከኋላ በኩል አንድ ሰው፣ ፀጉር አስተካካዩ መሰለኝ፣ «አንተማ ልጅህ ሰው አገር ስላለች ሆድህ ይባባል። እሷ ግን ተምራ ሄዳ ቢሮ ነው የተቀመጠችው። ከእነዚህ ጋር ምን ያገናኛታል?» አለ።

አባትሽ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ።

«የትም ትቀመጥ» አለ በመጨረሻ። «ማታ የምትተኛው ሰው በፈቀደላት ጣሪያ ሥር ነው። እዚያም አገር እንዲህ ያለ አዳራሽ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ስብሰባም ተደርጎ ይሆናል። አንድ የማላውቀው ሰው፣ እኔን የማያውቀኝ፣ ተነሥቶ ‹ትቆይ› ብሎላታል። ባይልላት ኖሮ እስካሁን እዚያ ባልኖረች። ያን ሰው የማመሰግንበት ሌላ መንገድ የለኝም።»

ተቀመጠ። እኔ ጎኑ ነበርኩ፤ እጁን ያዝኩት። ከተጋባን ወዲህ ሰው ፊት እጁን ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም አልነጠቀኝም።

እጅ ወጣ። ተቀራራቢ ነበር። ሬዲዮ እጁን ከጆሮው ከፍ አደረገ፤ ይደግፍ ይሁን ራሱን ይከክ አልለየንም። አዋላጇ ግን «ይቆዩ» ካሉት ጋር ቆጠረችው። በኋላ ሲከራከራት «ማከክ ከፈለግህ ከስብሰባ በፊት እከክ» አለችው። ለቀማው እስኪያልቅ እንዲቆዩ፣ ክፍያውም ለሁሉም አንድ እንዲሆን ተወሰነ።

የሬዲዮ ልጆች በማግስቱ መጡ። ትንሹ ከምሳ በፊት ውኃ ልጠጣ ብሎ ሄደ፤ አሁንም እየጠጣ ነው። ትልቁ፣ ያ ጢማሙ፣ ግን እስከ መጨረሻው ቆየ። መጀመሪያ ሰሞን ሻምበል መስመሯን ጨርሳ ተመልሳ የእሱን ታጋምስለት ነበር፤ በመጨረሻ እሱ የሌሎችን ማጋመስ ጀመረ። አሁን አባቱን ብትሰሚው ማሳውን ብቻውን የለቀመው ልጁ ነው። እንዲያውም ለእንግዶቹ ሳሙና ሲሸጥ በቋንቋቸው ነው የሚጣላቸው።

ዝናቡ የመጣው ትናንት ማታ ነው፤ የመጨረሻው መኪና ከሄደ በኋላ። አልጋችን ላይ ሆነን የጣሪያውን ድምፅ ሰማን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የተባለው እውነት ነው ልጄ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አባትሽ ያን ወረቀት ሳይፈርምበት አጥፎ ኪሱ ከተተና ለመሬት ገዢዎቹ ሊመልስ ወጣ። ቡፌው ላይ የአንቺን ፎቶ አስቀምጫለሁ።

ሻምበልና ጓደኞቿ ነገ ይሄዳሉ። ትናንት አመሻሽ ላይ ጓሮ ቧንቧው ጋ አብረን ተቀምጠን ነበር። ጥሬ ቲማቲም ጨፍልቃ እጇን ታሸዋለች። ያን አረንጓዴ ጥቁር እድፍ፣ ከተክሉ የሚጣበቀውን፣ ሳሙና እንደማያስለቅቀው ታውቂዋለሽ፤ ጥሬ ቲማቲም ግን ጠራርጎ ይወስደዋል። «ለእናቴ ልደውል ነው» አለችኝ። «በስልኩ ምስል እጄን እንዳታይ። ሆቴል የምሠራ ይመስላታል።»

«ታውቃለች» አልኳት።

«እንዴት?»

«እናት ናታ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች?»

«አንቺ እስክትጀምሪ እየጠበቀች ነው» አልኳት። «አትጨነቂ፣ አትቆጣሽም። በልጇ እጅ የምታፍር እናት የለችም። ደግሞ ኩራቷ ነሽ።»

እጇን ማሸቱን አቆመች። ደውላ ምን እንዳለቻት ግን አልጠየቅኋትም።

አንቺ ባለፈው በምስል ስትደውዪ ፀጉርሽን በእጅሽ ከግንባርሽ ወደ ኋላ ስትመልሺው አየሁሽ፤ አባትሽም አጠገቤ ነበር። ረዝሟል፤ አምሮብሻል። የጥሬ ቲማቲሙን ነገር ለአንቺ የነገርኩሽ እንዲያው ለወሬ ነው፤ ቢሮ ውስጥ አይጠቅም ይሆናል። የሚቸግረው ሰው ካወቅሽ ንገሪው።

ጥቅሉ ውስጥ የሹራብ ካልሲ አለ፣ እኔ የሠራሁት። የደረቀ ቲማቲምም አለ፣ ከራሳችን ማሳ፣ ሻምበልና እኔ ጣሪያ ላይ ያሰጣነው። ሦስተኛውን ዕቃ ያስገባው አባትሽ ነው። ሬዲዮ ሱቅ ያለውን ሁሉ አስወርዶ፣ ስፌቱን እየጎተተ፣ እጁን እያስገባ እያወጣ ሲመርጥ ዋለ። የለቀማ ጓንት ነው፤ መዳፉ ወፈር ያለ፣ ጣቱ ስስ የሆነው፣ ጥሩው።

«ለቢሮ ጓንት ምን ያደርግላታል?» አልኩት።

ጥቅሉን በገመድ እያሠረ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ይበርድ ይሆናል» አለ። «ላኪላት።»

አባትሽ እንደዚህ ነው፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም። በልክሽ ነው ብሏል፤ ካልሆነ ግን ጻፊልን፣ ይቀይረዋል።

የምታድሪበት ጣሪያ አያፍስስብሽ። የምትውይበት ፀሐይ ይራራልሽ። «ትቆይ» ብሎ ላስጠጋሽ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ልጆቹን ይባርክለት፤ ከባልና ከሚስት፣ ከሁለታችን፣ ምስጋና አለው በይልኝ።

የምትወድሽ
እናትሽ